የካላዛር መድኃኒትና በሕጉ ያልተጻፈው አንቀጽ

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከደጋውና ከወይና ደጋው ብዙ ወጣቶች ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ። መጀመሪያ ማሽላውንና ሰሊጡን ለማረም፣ በኋላም ለማጨድ ነው። ማደሪያቸው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው ነው፤ በግራር ሥር ወይም በተሰነጣጠቀው የዋልካ መሬት ላይ ይተኛሉ። በዚያ የምትራባው የአሸዋ ዝንብ ከተራ ትንኝ እጅግ ታንሳለች፤ ስትመጣም ድምፅ አታሰማም። ከነከሰቻቸው መካከል አንዳንዱ ወራት ቆይቶ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ሰውነቱ እየከሳ ይሄዳል፤ ጣፊያውና ጉበቱ ግን ስለሚያብጡ ሆዱ ይነፋል። በሽታው ካላዛር ይባላል። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል።

ስለ ኢሚዩኖሎጂና ስለ ናኖቴክኖሎጂ ጥምረት ለሕግ አውጪዎች የሚቀርበው ገለጻ ከዚህ ቆላ አይነሣም። የሚነሣው በ2023 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ከካታሊን ካሪኮና ከድሩው ዋይስማን፣ ወይም የኤምአርኤንኤ ክትባትን ተሸክማ ወደ ሕዋስ ከምታስገባው የቅባት ቅንጣት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ያ ታሪክ እውነተኛም ታላቅም ነው። ሆኖም የሁለቱ ሳይንሶች ጥምረት ለድሃ ሰው ምን ሊያደርግለት እንደሚችልና ከእርሱ ዘንድ ሳይደርስ የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ለሚሻ የምክር ቤት አባል ረዳት፣ ከካላዛር የተሻለ ማስረጃ አይገኝለትም። ሳይንሱ እዚያ ከሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተፈትኗል። ያልተፈታው የሕግና የበጀት ጥያቄ ነው።

ካላዛርን የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ የሚደበቅበት ስፍራ ያስገርማል። ማክሮፌጅ የሚባሉት ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ ሥራቸውም የገባውን ባዕድ ነገር ውጦ መፍጨት ነው። ተውሳኩ በእነርሱ ከመዋጥ አይሸሽም። እንዲያውም ተውጦ በውስጣቸው ይኖራል፤ እዚያው ይራባል። ማክሮፌጅ የዋጠውን እንዲገድል ቲ ሕዋሳት ከሚባሉት የመከላከያ ሥርዓቱ አዛዦች ትእዛዝ ሊደርሰው ይገባል። ትእዛዙ ሲዳከም ዘበኛው የጠላት ማደሪያ ይሆናል። ኤችአይቪ ደግሞ የሚያጠፋው ትእዛዝ ሰጪዎቹን ራሳቸውን ነው። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ካላዛሩ ደጋግሞ የሚያገረሸው በዚህ ምክንያት ነው።

አምፎቴሪሲን ቢ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ መድኃኒት ነው፤ የተውሳኩን ሽፋን እየበሳ ይገድለዋል። ነገር ግን በጥሬው በደም ሥር ሲሰጥ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሕመምተኛውንም በትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። በኋላ ተመራማሪዎች ይህንኑ አሮጌ መድኃኒት ሊፖሶም በምትባል የቅባት ኳስ ውስጥ አኖሩት። የኳሷ ስፋት ከ100 ናኖሜትር በታች ነው፤ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ኳሶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢያክሉ ነው። እንዲህ በመሸፈኑ መድኃኒቱ ኩላሊትን የሚጎዳው እጅግ ባነሰ መጠን ሆነ። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ የሚገኙት ማክሮፌጆች ኳሷን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ይውጧታል። ተውሳኩ የተሸሸገበት ሕዋስ መድኃኒቱን በገዛ አፉ ይጎርሳል ማለት ነው። ቅንጣቷን የሠራት ናኖቴክኖሎጂ ነው፤ ወዴት እንደምትሄድ ያስታወቀው ደግሞ ስለ መከላከያ ሕዋሳት የተገኘው ዕውቀት ነው። አምቢሶም በሚል የንግድ ስም የሚታወቀውን ይህን መድኃኒት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1997 ሲያጸድቅ፣ ከተፈቀደባቸው ሕመሞች አንዱ ካላዛር ነበር።

ውጤቱ በደቡብ እስያ ታየ። በ2010 በታተመ የሕንድ ጥናት በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ጠብታ ብቻ ከታከሙት ሕመምተኞች ከ95 ከመቶ በላይ ዳኑ። ከዚያ በፊት የነበረው ሕክምና ሳምንታት የሚፈጅ ነበር። በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ባንግላዴሽ ካላዛርን የሕዝብ ጤና ችግር እንዳይሆን አድርጋ ማስወገዷን አረጋገጠ፤ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር መሆኗ ነው። ይህን ድል ለቅንጣቷ ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም። በየቤቱ የፀረ ተባይ ርጭት ተካሂዷል፤ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች የሚመረምር ኪት ገጠር ድረስ ተሠራጭቷል፤ ሕመምተኞችም በየመንደሩ ተፈልገዋል። ያለ መድኃኒቱ ግን የተገኙት ሕመምተኞች ወዴት እንደሚላኩ ማሰብ ያስቸግራል።

ታዲያ በጎንደር ለምን እንደዚያ አልሆነም? ዛሬ ከዓለም የካላዛር ሕመምተኞች ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚገኙት በምሥራቅ አፍሪካ ነው። በደቡብ እስያ ያዳነው የአንድ ቀን ሕክምና በሱዳንና በኢትዮጵያ ሲሞከር በቂ ፈውስ አላስገኘም፤ ጥናቱም ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። የሕመምተኛው የመከላከል አቅም፣ ምግቡና ተጓዳኝ በሽታው፣ የተውሳኩም ዝርያ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ በፓትና የተገኘ መልስ ለመተማ አያገለግልም፤ ጥናቱ በመተማ ሰው ላይ፣ በመተማ ሰው ፈቃድና በጎንደር ሐኪሞች እጅ ሊሠራ ይገባዋል። ይህን ነጥብ የምርምር በጀት የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ከተፈለሰፈ የቀረው የማጓጓዝ ጉዳይ ይመስላቸዋል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በኢትዮጵያ አብዛኛው የካላዛር ሕመምተኛ የሚታከመው ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን በተባሉ ሁለት መድኃኒቶች ነው። ለ17 ቀናት በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ ይወጋል። ስቲቦግሉኮኔት ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችል፣ ሲወጉትም እጅግ የሚያም መድኃኒት ነው። አምቢሶም የሚጠበቀው ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያን፣ ሕመሙ ለጠናባቸውና ኤችአይቪ ላለባቸው ነው። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ የሚበጀው መልስ የተገኘው በጎንደርና በአብዱራፊ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የምርምር ገንዘብ ጭምር ተደግፎ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በድንበር የለሽ ሐኪሞችና ለተዘነጉ በሽታዎች መድኃኒት በሚያፈልቀው ዲኤንዲአይ ትብብር የተካሄደው ጥናት፣ አምቢሶምን ብቻውን ከመስጠት ይልቅ ሚልቴፎሲን ከተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ጋር ማጣመር እጅግ እንደሚሻል አሳየ። ላስፈለጋቸው ሁለተኛ ዙር ከተጨመረ በኋላ፣ በጥምሩ ከታከሙት 88 ከመቶው ከተውሳኩ ሲነጹ፣ በአምቢሶም ብቻ ከታከሙት ግን 55 ከመቶው ብቻ ነጹ። ውጤቱ በ2019 ታተመ፤ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን በዚህና በሕንድ በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ለወጠ። ከትንሽ የቆላ ክሊኒክ የተነሣ ማስረጃ የዓለምን መመሪያ ቀየረ ማለት ነው። በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ይህን የሚያህል የአገሩን ሥራ ብዙም ሳይሰማ ማለፉ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ መምጣት ያስፈልጋል፤ ሕግ አውጪን የሚያሳምነው እርሱ ነውና። በአዲሱ መመሪያ መሠረት ኤችአይቪም ካላዛርም ያለበት ሰው የሚወስደው የአምቢሶም መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ እስከ 30 ሚሊግራም ይደርሳል። አንድ ብልቃጥ የሚይዘው 50 ሚሊግራም ነው። ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ወጣት ስለዚህ 30 ብልቃጥ ያስፈልገዋል። አምራቹ ጊልያድ ከ2007 ጀምሮ ለድሃ አገሮች በፈቀደው ልዩ ዋጋ አንዱ ብልቃጥ ከ20 ዶላር ያልበለጠ ነው። ይህም ሆኖ ለአንድ ሰው እስከ 600 ዶላር ሊደርስ ነው። በሰሊጥ ማሳ በቀን ሙያተኝነት የሚተዳደር ሰው ይህን ሊከፍል አይችልም፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም እንደዚሁ።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ሌላ ችግር ይከተላል። ያልተከፈተው ብልቃጥ መቀመጥ ያለበት ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት ነው። የመተማ ቆላ በበጋ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ዱቄቱን ለመስጠት ነርሷ ንጹሕ ውኃ ጨምራ በኃይል ትንጠዋለች፤ በማጣሪያ ታሳልፈዋለች፤ ከዚያ በጉሉኮስ ታቀጥነዋለች። በጨው ውኃ ካቀጠነችው መድኃኒቱ ይበላሻል። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን የሚያስተማምን መብራት በሌለው ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣው ከቅንጣቷ እኩል አስፈላጊ ይሆናል፤ የናኖቴክኖሎጂ የምርምር ዕቅዶች ደግሞ ስለ ማቀዝቀዣ አንዲት መስመር ሲጽፉ እምብዛም አይታዩም። ሙቀትን የምትቋቋም ቅንጣት መሥራት ራሱ የምርምር ግብ ሆኖ በድጋፍ ጥሪዎች ላይ መጻፍ የነበረበት ጉዳይ ነው።

እስከ አሁን ክፍተቱን የሸፈነው ልገሳ ነው። ጊልያድ በ2011 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ባደረገው ስምምነት 445,000 ብልቃጥ ለመለገስ ቃል ገባ፤ ስምምነቱም በኋላ ታደሰ። ብዙ ሕይወት ተርፎበታል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ይሆናል። ዳሩ ግን ልገሳ የሚሰጠው በለጋሹ ፈቃድ ነው፤ መጠኑንም ዘመኑንም የሚወስነው እርሱ ነው። የመንግሥት ዕርዳታም ቢሆን ከዚህ የተለየ ዋስትና አልሰጠም። የብሪታኒያ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ከብሔራዊ ገቢ 0.7 ከመቶ ወደ 0.5 ከመቶ ዝቅ ባደረገበት በ2021፣ ካላዛርን ጨምሮ በተዘነጉ የቆላ በሽታዎች ላይ በብዙ አገሮች ይሠራ የነበረው አሴንድ የተባለው ፕሮግራም ከጊዜው በፊት ተዘጋ። በተመሳሳይ ወቅት በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት መንገዶችንና ጤና ተቋማትን ያቋረጠበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ መገጣጠማቸው ምን ያህል ሰው እንዳስከፈለ ለመገመት አያዳግትም።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን የአሜሪካው የቫውቸር ታሪክ ነው። ኮንግረስ በ2007 ባወጣው ሕግ፣ ለተዘነጋ የቆላ በሽታ መድኃኒት የሚያጸድቅ ኩባንያ የቅድሚያ ምርመራ ቫውቸር እንዲሰጠው ደነገገ። ቫውቸሩን የያዘ ኩባንያ ሌላ ማንኛውንም መድኃኒት በፍጥነት ሊያስመረምርበት ወይም ለሌላ ሊሸጠው ይችላል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ገበያ የሌለው በሽታ ገበያ እንዲያገኝ ታስቦ ነው። በመጋቢት 2014 ናይት ቴራፒዩቲክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ሚልቴፎሲንን በአሜሪካ አስጸደቀና ቫውቸሩን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለጊልያድ በ125 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሚልቴፎሲን ግን አዲስ መድኃኒት አልነበረም። በሕንድ ከ2002 ጀምሮ የተፈቀደ ሲሆን፣ የተፈተነውም የዓለም ጤና ድርጅት የቆላ በሽታዎች ምርምር ፕሮግራም በተሳተፈበት፣ በሕዝብ ገንዘብ ጭምር ነው። ከቫውቸሩ ሽያጭ ከተገኘው ገንዘብ አንዲት ዶላር እንኳ መድኃኒቱን ለሚያስፈልጋቸው እንድታደርስ የሚያስገድድ አንቀጽ በሕጉ አልነበረም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና ዲኤንዲአይ ይህን በጊዜው በአደባባይ ተቃውመዋል። ኩባንያው ሕግ አልጣሰም፤ ሕጉ የፈቀደለትን አደረገ። ጥፋቱ በረቂቁ ላይ ነው።

ኮንግረስ በ2017 ቀዳዳውን በከፊል ደፈነው፤ ከዚያ ወዲህ ቫውቸር ለማግኘት አዲስ የሕክምና ጥናት ማቅረብ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን በሽታው ባለበት አገር ማቅረብ ግን ዛሬም ግዴታ አይደለም። ያቺ አንዲት አንቀጽ እስካልገባች ድረስ፣ በጎንደር አልጋ ላይ ለተኛው ሰው የሚያስፈልጉት ሁለት መድኃኒቶች፣ ኳሷም እንክብሏም፣ በሕግ ሳይሆን በፈቃደኝነት የሚቀርቡ ሆነው ይቀጥላሉ።

አንዳንዶች የባለቤትነት መብቱ ዘመን ሲያልፍ ችግሩ በራሱ ይፈታል ይላሉ። ለተራ ክኒን ይህ እውነት ነው፤ ለናኖ መድኃኒት ግን አይሠራም። የአምቢሶም የመጀመሪያው ተመሳሳይ መድኃኒት በአሜሪካ የጸደቀው በታኅሣሥ 2021 ነው፤ ዋናው ከጸደቀ 24 ዓመት ካለፈ በኋላ፤ ያመረተውም የሕንዱ ሰን ፋርማ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በጽሑፍ የሰፈረው ቅመም አንድ ሆኖ፣ የኳሷ መጠን፣ የላይዋ ሽፋን ወይም መድኃኒቱን የምትለቅበት ፍጥነት ጥቂት ከተለወጠ ማክሮፌጁ የሚያደርገው ነገር ይለወጣል። እንጀራ የጋገረች ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ጤፉም እርሾውም ያው ሆኖ የአንዷ ዓይን ያወጣል፣ የሌላዋ ይደርቃል። ዕውቀቱ ከወረቀቱ ይልቅ በእጅ ላይ ነው። ስለዚህ በናኖ መድኃኒት ዘንድ የባለቤትነት ሰነድን መክፈት ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ የአሠራሩ ልምድ ከሰው ወደ ሰው እንዲተላለፍ መደረግ አለበት።

ይህን የሚያረጋግጥ ሙከራ በደቡብ አፍሪካ ተካሂዷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2021 በኬፕ ታውን የኤምአርኤንኤ ቴክኖሎጂ ማስተላለፊያ ማዕከል መቋቋሙን አስታወቀ። ሞደርና የባለቤትነት መብቱን በወረርሽኙ ዘመን እንደማያስከብር ቀደም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ የአሠራሩን ልምድ ግን ለማዕከሉ አላካፈለም። አፍሪጀን የተባለው ተቋም ሳይንቲስቶች ከታተሙ ጽሑፎች ተነሥተው በ2022 መጀመሪያ የራሳቸውን የክትባት ናሙና ሠሩ። ብቃታቸው አድናቆት ይገባዋል፤ ቀድሞውኑ የሚታወቅን ነገር እንደ አዲስ ለማግኘት ያጠፉት ጊዜ ግን ሊቀር ይችል የነበረ ብክነት ነው። ማዕከሉ ልምዱን ለማካፈል ከመረጣቸው አገሮች መካከል ከአፍሪካ ግብጽ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ሴኔጋል፣ ደቡብ አፍሪካና ቱኒዚያ ይገኛሉ። ኢትዮጵያ የለችም። የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መቀመጫ በአዲስ አበባ መሆኑንና ከ1970 ጀምሮ በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ኢሚዩኖሎጂ የሚታወቀው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም በዚያው ከተማ መኖሩን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ግር ያሰኛል። ጥያቄው ለኢትዮጵያ መንግሥትም ጭምር ሊቀርብ የሚገባው ነው።

የኤምአርኤንኤው ጉዳይ ካላዛርን አይመለከትም ማለት ስሕተት ይሆናል። ለሰው የተፈቀደ የካላዛር ክትባት እስከ አሁን የለም። ከበሽታው የዳነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ስለማይያዝ፣ የመከላከያ ሥርዓቱ ተውሳኩን ማሸነፍ እንደሚችል ይታወቃል፤ የሚያስፈልገው ለቲ ሕዋሳቱ በትክክል የሚነግራቸው ክትባት ነው። መልእክቱን ይዛ ለመከላከያ ሕዋሳት የምታደርስ የቅባት ቅንጣት ለዚህ ሥራ ከታሰቡት መሣሪያዎች አንዷ ናት። የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር በነሐሴ 2025 ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ያላቸውን 22 የኤምአርኤንኤ ክትባት ፕሮጀክቶች ማቋረጡን ሲያስታውቅ፣ ውሳኔው የተነገረው ከመተንፈሻ አካላት በሽታዎች አንጻር ነበር። ዳፋው ግን በዚያ አይቆምም። የቅባት ቅንጣትን የሚሠራው መሣሪያ፣ ባለሙያውና ፋብሪካው አንድ ዓይነት ነው፤ ለባለጸጋው አገር ወረርሽኝ ሲባል የተገነባው አቅም ሲፈርስ፣ በዚያው አቅም ተጠልሎ ሊያድግ ይችል የነበረው የድሃው በሽታ ምርምር ማደጊያ ያጣል።

የመድረስ ግዴታን በሕግ መጻፍ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ ተገቢ መልስም ይሻል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ1989 ከኩባንያዎች ጋር በሚዋዋለው የምርምር ውል ውስጥ የተመጣጣኝ ዋጋ አንቀጽ አስገብቶ ነበር። ኩባንያዎች ከተቋሙ ጋር መሥራትን ሸሹ፤ አንቀጹም በ1995 ተሰረዘ። ማንም ተሟጋች ይህን ታሪክ ሳያውቅ ወደ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ባይገባ ይሻለዋል፤ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ይነሣበታልና። መልሱም እንዲህ ነው፦ ያ አንቀጽ የአሜሪካን የገበያ ዋጋ የሚነካ፣ ወሰኑም ያልተለየ ነበር። አሁን የሚጠየቀው ግን ጠባብ ነው። በሕዝብ ገንዘብ ወይም በቫውቸር የተደገፈ መድኃኒት አምራች፣ በሽታው በሚገኝባቸው አገሮች መድኃኒቱን የሚያስመዘግብበትንና የሚያቀርብበትን ዕቅድ በጽሑፍ እንዲያስገባ፣ እርሱ ማቅረብ ካልፈለገም የአሠራሩን ልምድ ለሌላ አምራች እንዲያስተላልፍ ነው። የመተማ ገበያ ለማንም ኩባንያ ትርፍ አስገኝቶ ስለማያውቅ፣ በዚያ ግዴታ ቢገባ የሚሸሽ መዋዕለ ንዋይ የለም።

በዋሽንግተን ለሚሠሩ ረዳቶች ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የቫውቸሩ ሕግ በሚከለስበት ጊዜ ይህንኑ ዕቅድ ለቫውቸሩ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የምደባ ሕጎችን ተከትለው በሚወጡት የኮሚቴ ሪፖርቶች ውስጥ፣ የናኖ መድኃኒት ምርምር የሚደግፉ ተቋማት ሙቀትን ለሚቋቋሙ ቅንጣቶችና በሽታው ባለበት ቦታ ለሚካሄዱ ጥናቶች ትኩረት እንዲሰጡ ማሳሰብ ነው፤ ይህ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። በብራስልስ የአውሮፓ ኅብረት ከአፍሪካ አገሮች ጋር በሽርክና የሚያካሂደው የሕክምና ጥናት ፕሮግራም አስቀድሞ አለ፤ የጎንደሩም ውጤት ከእንዲህ ዓይነት ገንዘብ የተገኘ ነው። እዚያ የሚጎድለው ጥናቱ ካበቃ በኋላ መድኃኒቱን ማን እንደሚገዛ የሚናገር ሐረግ ነው። በባሕረ ሰላጤው፣ ከ2017 ጀምሮ በአቡ ዳቢ የሚመራው የቆላ በሽታዎች ፈንድ በወንዝ ዳር ዕውርነትና በዝሆኔ በሽታ ላይ አተኩሯል፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ አሉ፤ ካላዛርም እንዲጨመር መጠየቅ ከአቅም በላይ አይሆንም። ለአዲስ አበባ የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ አምቢሶም በልገሳ ብቻ ሳይወሰን በመንግሥት የመድኃኒት ግዢ ውስጥ፣ በትንሹም ቢሆን፣ የራሱ መስመር እንዲኖረው ነው። የራስ በጀት መስመር ያለው አገር ከአምራች ጋር ሲደራደር ድምፁ ይሰማል።

ጊዜው ደግሞ የተወሰነ ነው። የአሜሪካ የበጀት ዓመት የሚከፈተው በጥቅምት 1 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል፤ በመተማ የሰሊጥ አጨዳ የሚካሄድበትና ሠራተኛው በሜዳ የሚያድርበት ወቅት ነው። በዚያ በጀት ውስጥ የሚገባ ሐረግ ግን የሚጻፈው ቀደም ብሎ፣ የምክር ቤት አባላት ጥያቄያቸውን ለምደባ ኮሚቴዎች በሚያቀርቡበት በፀደይ ነው። በየከተማው የሚገኙ የማኅበረሰብ ማኅበራት ለተወካዮቻቸው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የሚያስገቡና ቀጠሮ የሚይዙ ከሆነ፣ መጀመር ያለባቸው ከጥር ወር ነው።